ሦስት ሽማግሌ፣ ሁለት ጀሪካን

ባሻይ ተኽለ ስልክ ሲደውል ሰላምታው ብቻ አንድ ብርጭቆ ሻይ ያስጨርሳል። መቀሌ፣ ሓድነት ሰፈር ስኖር ቤት አከራዬ ነበር። ዛሬም አዳማ ድረስ ደውሎ የኔን፣ የባለቤቴንና የልጆቻችንን ጤና ይጠይቅና ሲያልቅበት «ከብቱስ?» ይላል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንደምኖር አሳምሮ ያውቃል። ባለፈው ግን ደውሎ «ሓወይ፣ ወንድሜ፣ መምህር ኪሮስ ዐረፈ» አለ። ነገሩ እውነት መሆኑ የገባኝ ስለ ከብቱ ባለመጠየቁ ነው።

ባለቤቴ ብርኽቲ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ነገርኳት። ሻንጣ አውርዳ መክተት ጀመረች፤ ሞላችው፤ ከዚያ ቆም ብላ ግማሹን መልሳ አወጣች። «ቢያየን ኖሮ አይነሳም ይል ነበር» አለች እንባዋን እየጠረገች። ሁለታችንም ሳቅን። ለቅሶ ልንሄድ የተነሳን ሰዎች ነን፤ ሳቃችን ግን አላሳፈረንም። በእሱ ጉዳይ እየሳቁ ማልቀስ የለመድነው ነገር ነው።

መምህር ኪሮስ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የማሽን ዲዛይን ያስተምር ነበር። እኔ የግንባታ መምህር ብሆንም ቢሮ ስለጠበበ ከእሱ ጋር ዳበሉኝ። የገባሁ ቀን ቦርሳዬን ከእጄ ተቀበለኝ። ሊያስቀምጥልኝ ይሆናል ስል ከፍ ዝቅ አድርጎ መዘነው።

«ምን ይዘህ ነው?»

«መጻሕፍት።»

«ሁሉንም ዛሬ ታነባቸዋለህ?»

«አይ፣ ዛሬ እንኳን...»

«ታዲያ ምን ያሸክምሃል?» ቦርሳዬን መለሰልኝ። እንኳን ደህና መጣህ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ቀጭንና ረጅም ነው። ኪሱ ውስጥ ከቁልፍና ከእስክሪብቶ ሌላ ነገር ይዞ አያውቅም። ወንደላጤ ነው፤ ለምን አላገባህም ያለውን ሁሉ «ርቀቱን እያሰላሁ ነው» ብሎ ይሸኘዋል። ተማሪዎቹ «ኪሮስ ጃፓን» ይሉታል። ጃፓን ሄዶ አያውቅም፣ የመሄድ ሐሳብም አልነበረውም። ፍቅሩ ከአንድ ነገር ጋር ብቻ ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከመርከብ ላይ እየተነሱ፣ ከሰማይ ቁልቁል እየጠለቁ ቦምብ ይጥሉ ከነበሩ የጃፓን አውሮፕላኖች ጋር። ስለ አብራሪዎቹ ጀግንነት ብትጠይቀው ያዛጋል። ማን አሸነፈ፣ ማን ተሸነፈ የሚለው ወሬም አይጥመውም። እንቅልፍ የሚነሳው ምን ያህል መሸከም ይችሉ እንደነበር ነው።

«ስማኝማ» ይለኛል፣ ዓዲ ሓቂ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ በር ፊት ለፊት ካለችው ሻይ ቤት ተቀምጠን። «የመጀመሪያዋ፣ አይቺ የሚባል ፋብሪካ የሠራት፣ እግሯ የማይታጠፈው፣ ሆዷ ስር ሁለት መቶ ሃምሳ ኪሎ ታስራለች። ክንፎቿ ስር ደግሞ ስድሳ ስድሳ ኪሎ። አለቀ። ኋላ የመጣችው ፈጣን ናት። ጭነቷን ሆዷ ውስጥ ነው የምትደብቀው፤ ከፈለገች እስከ አምስት መቶ ኪሎ ትችላለች። ክንፏ ስር ትርፍ ነዳጅ የያዘ ታንክ ታንጠለጥላለች፤ ነዳጁ ሲያልቅ ታንኩን ትጥለዋለች። ግን!» እዚህ ላይ ጣቱን ያነሳል፤ ባለ ሻይ ቤቷም ነገሩን ስለለመደችው ብርጭቆዎቹን ትሰበስባለች። «ግን ሁሉንም ተሸክሜ ከአጭር መርከብ ላይ ልነሳ ብትል፣ ባሕር!» መዳፉ ጠረጴዛው ላይ ጧ ይላል። «ወይ ትሸከማለህ፣ ወይ ትርቃለህ። ሁለቱ አንድ ላይ የለም።»

ይህችን አባባሉን የማይሰካበት ቦታ አልነበረም። ሰርግ ቤት ሰው ሳህኑን ከምሮ ከምግቡ ጠረጴዛ ሲመለስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «አይነሳም፤ መርከቡ አጭር ነው» ይላል። ስብሰባ ላይ አጀንዳ ሲበዛ «ትርፉን ታንክ ጣሉት!» ብሎ አንዴ ከአዳራሽ ሊያስወጡት ነበር። ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን አሳብጦ ሲያመጣለት ሳይገልጠው በእጁ ይመዝነውና «ግማሹን አውርደህ ተመለስ» ይለዋል። የሚገርመው፣ አውርደው ሲመለሱ ጽሑፉ ይሻሻላል።

ከትግራዩ ጦርነት በፊት ከጠረጴዛው በላይ በእጁ የሣላት አውሮፕላን ተሰቅላ ነበር፤ ከነቦምቧ፣ ከነእያንዳንዱ ብሎን። መንገዱ ሲዘጋ እኔ ለእረፍት የሄድኩበት አዳማ ቀረሁ። ተከፍቶ ስመለስ ሥዕሏ እዚያው ናት፤ ሆዷ ስር ያለው ቦምብ ግን በነጭ ቀለም ተደልዟል።

«መምህር፣ ቦምቡስ?» አልኩት።

«ወረደ» አለኝ። ቆየት ብሎ «ድምፁን ከላይህ ከሰማህ በኋላ ክብደቱን ማውራት ያሳፍራል» አለ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ቦምብ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። ስለ ነዳጁ ግን ባሰበት። ቦምቡን አውርደህ በቦታው ታንክ ብትጭን የት ትደርሳለች፣ ማንን ታመጣለች እያለ ጥቁር ሰሌዳ ሲሞላ ይውላል። ሰውዬውን የወደድኩት፣ የምሬን የወደድኩት፣ ያን ጊዜ ነው።

ብርኽቲ የዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበረች። መንገዱ በተዘጋበት ዘመን እሷ ዓብይ ዓዲ፣ አባቷ ቤት ነበረች። ስልክ የለም፣ ደብዳቤ የለም፤ ትኑር አትኑር ሳላውቅ ከረምኩ። አግኝቻት ደስታዬ ሳይበርድ ሽማግሌ ልልክ ቆረጥኩ። ዘመዶቼ ሩቅ ናቸው። መቀሌ ላይ ዘመዴ መምህር ኪሮስ ነው።

«ሽማግሌ ሆነህ ታውቃለህ?» አልኩት።

«አላውቅም። ግን ጭነት ነው፤ ይሰላል።»

እዚህ ላይ ነገሩ ሊገባኝ ይገባ ነበር፤ አልገባኝም።

ወቅቱ ቤንዚን ከከተማው የጠፋበት ነው። ወደ ዓብይ ዓዲ የሚሄዱት ሚኒባሶች ተደርድረው ቆመዋል። ያለችን የመምህር ኪሮስ ቮልስ ብቻ ናት። የነዳጅ ታንኳ ከወገቡ በላይ ስለተበሳ ከግማሽ በላይ አይዝም፤ ሞተሯም ዳገት ላይ ታስላለች። መምህር ፖርቶ መጋላዋ ላይ ሁለት ጀሪካን ቤንዚን አስሮ፣ ከጀሪካኖቹ በጎማ ቱቦ ወደ ታንኩ የሚወርድ መስመር ዘረጋላት። «ተንጠልጣይ ታንክ» ብሎ ሰየማቸው። አንደኛው ለመሄጃ፣ ሁለተኛው ለመመለሻ ነው።

የታሰቡት ሽማግሌዎች አራት ነበሩ፤ መምህር ራሱ፣ አከራዬ ባሻይ ተኽለ፣ የሰፈሩ ቄስ ቀሺ ኃይለ፣ ለክብር ደግሞ የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ። መምህር ሦስቱን አሰልፎ እንደ ቦርሳዬ በዓይኑ መዘናቸው። ቀሺ ቀላል ናቸው። ባሻይ ግን የሰውነቱ ነገር አይነሳ፤ ቮልስ ውስጥ የሚገባው በጎን ተደርጎ ነው። ስሌቱ ቢሰላ ቢሰላ፣ መንገድ ላይ ያለውን የሀገረ ሰላምን ዳገት አራት ሰውና ሁለት ጀሪካን አንድ ላይ አይወጡትም።

«ባሻይን እናስቀር እንዴ?» አልኩ ፈራ ተባ እያልኩ።

«ባሻይ ዋናው ጭነት ነው፤ አፉ ያለው እሱ ጋ ነው። ቄስ የሌለበት ሽምግልናም አይሆንም። አንድ ጀሪካን ላውርድ ብል መመለሻ የለንም።» አሰበ። «ኃላፊው ይውረዱ።»

የትምህርት ክፍል ኃላፊ በሃያ ሊትር ቤንዚን ሲለወጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እሳቸውም እስከ ጡረታቸው አልረሱለትም።

ማለዳ ተነስተው ሄዱ። እኔ በወጉ መሠረት ቀረሁ። ማታ ይመለሳሉ ብዬ መንገድ ዳር ቆምኩ፤ የሉም። በማግስቱም የሉም። ኔትወርክ የለም። ወይ ገደል ገብተዋል፣ ወይ አባትየው ውሻ ለቆባቸዋል ብዬ እህል አልበላ አለኝ። ልጅቷን አንዴ ከሞት መንጋጋ መልሶ የሰጠኝ አምላክ በቮልስ ምክንያት ሊነሳኝ ነው ብዬ አምርሬ አዘንኩ። የሆነውን ኋላ የነገረኝ ባሻይ ነው።

ዳገቱን ወጥተዋል። ከሀገረ ሰላም ወዲያ ቁልቁለቱ ሲጀምር መምህር ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተሩን ጸጥ! «ምን እያረግክ ነው?» ቢለው ባሻይ «እየጠለቅን ነው» አለው። ቀሺ ኃይለ ዳዊታቸውን ጀመሩ። ጠመዝማዛው መንገድ ሁሉ ሲያልቅ ቀሺ መዝሙራቱን ጨርሰው እንደ አዲስ ጀምረው ነበር አሉ። ዓብይ ዓዲ ሲደርሱ ባሻይ ከመኪናው ለመውጣት እርዳታ አስፈልጎታል፤ ግማሹ በውፍረት፣ ግማሹ በድንጋጤ።

የብርኽቲ አባት አቦይ ገብሩ በክብር ተቀበሏቸው። ሽማግሌዎቹ ቆመው ጉዳያቸውን ተናገሩ። ባሻይ አሳመረው፤ ቀሺ ባረኩት። አቦይ ገብሩ ረጋ ብለው አዳመጡና «ሰምተናል። ዘመድ እናማክር። ሰንበት አሳልፋችሁ ተመለሱ» አሏቸው።

ባሻይና ቀሺ እሺ ብለው ሊወጡ ሲሉ መምህር ኪሮስ ደርቆ ቀረ።

«ተመለሱ ማለት?»

«ተመለሱ ነዋ» አለው ባሻይ። «የት አገር ነው በመጀመሪያው ቀን ልጅ የሚሰጠው? ሁለቴ፣ ሦስቴ መመላለስ ወግ ነው። ይህንን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል!»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እንደማታውቅ በምን ልወቅ? ስታሰላ ሰንብተህ!»

የመርከቡን ርዝመት፣ የክንፉን ስፋት የሚያውቅ ሰው፣ ሽማግሌ በአንድ ጉዞ እንደማይሳካለት አያውቅም ነበር። ሁለተኛ ጉዞ የሚሆን ቤንዚን ደግሞ መቀሌም ዓብይ ዓዲም የለም።

መምህር ከቤት ወጥቶ ቮልሷ አጠገብ ቆመ። ከግቢው ደጅ ባለው መንታ መንገድ ላይ ባጃጆች ነዳጅ አጥተው ተገትረዋል። በአንደኛዋ ውስጥ ምጥ የያዛት ሴት ተቀምጣለች፤ ባሏ ባጃጇን ከኋላ እየገፋ ሆስፒታል ሊያደርሳት ይጥራል። መምህር መሰላል ለምኖ ወጣና የመመለሻውን ጀሪካን አወረደ። ባጃጇን ሞላላት። ሌሎቹ ይህንን አይተው መጡ። አንዱ የታመሙ አባቱን ሊወስድ ነው፤ ሌላዋ መድኃኒት ልታመጣ ነው። መጨረሻ ላይ የመጣው ባለ ባጃጅ ምንም ሕመምተኛ አልነበረውም፤ ቆንጆ አድርጎ ለመነና አገኘ። ባሻይ ሮጦ ሲደርስ (ባሻይ ሲሮጥ ማየት ነበር!) ሁለቱም ጀሪካኖች ባዶ ናቸው።

«ዋይ! በምን ልንመለስ ነው?»

«ከመጥለቅ በፊት ታንክ ይጣላል» አለው መምህር።

ሽማግሌዎቹ ወደ አቦይ ገብሩ ቤት ተመለሱ። ሰንበት ሳይመጣ መመለስ ነውር ነው፤ ነገር ግን የሚሄዱበት የላቸውም። አቦይ ገብሩም እንግዳን ከደጅ አይመልሱም። አስገቡ፣ አበሉ፣ አስተኙ። ጠዋት ሲነሱ ሽማግሌዎቹ እዚያው ናቸው። ባሻይ እንደሆነ ምግብ ላይ አይታማም። የምጥ ሴትዮዋ ወንድ ልጅ መገላገሏ ሲሰማ ደግሞ ዘመዶቿ የቤንዚኑን ባለቤት ሊያመሰግኑ ጠላ ይዘው መጡ፤ ቤቱ የሰርግ ቤት መሰለ። አቦይ ገብሩ በመጨረሻ ሳቃቸውን እየታገሉ «ልጄን ባልሰጣችሁ ቤቴን ትወርሱኛላችሁ» አሉ።

ከዚያ ግን ሳቃቸው ጠፋ። መምህርን ፊት ለፊት አዩት።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ወደይ፣ ልጄ። ልጁ የሩቅ ሰው ነው። ክፉ ነው አላልኩም። ግን መንገድ ሲዘጋ አይተናል። የብርኽቲ ታላቅ እህት አዲስ አበባ ናት፤ በዚያ ዘመን እኔ ሞታለች ብዬ፣ እሷም ሞቷል ብላ ተላቅሰናል። ነገ መንገድ ቢዘጋ፣ ልጄን ማን ያመጣልኛል?»

ባሻይ ወደ መምህር ዞረ። ቀሺ መስቀላቸውን ማገላበጥ ያዙ። መምህር ኪሮስ ግን ወደ አቦይ ገብሩ ጠጋ አለ።

«ለመንገዱ ዋስ አልሆንም» አለ። «መንገድ የኔ አይደለም። ለልጁ ግን ዋስ እሆናለሁ። በየዓመቱ ይዟት ይመጣል። ካልመጣ እኔ ሄጄ አመጣታለሁ።»

«በምን?»

«በቮልሷ።»

ሁሉም በመስኮት አዩ። ቮልሷ ግቢው ውስጥ ቆማለች፤ ዶሮ ወጥቶባታል።

«ነዳጅ እኮ የላትም» አሉ አቦይ ገብሩ።

«ከባድ ነገር ካልጫንኩባት ትደርሳለች። ደግሞ ልጁ ምንም የለውም፣ አቦይ። ቤት የለው፣ መሬት የለው፣ መኪና የለው። ሀብታም ብትሰጧት ንብረቱ ከብዶት ካለበት አይነቃነቅም። ይህኛው ባዶ ነው፤ ባዶ ሰው ሩቅ ይሄዳል፣ ሩቅም ይመለሳል።»

ለሙሽራ እንዲህ ያለ ምስክርነት ተሰጥቶ ያውቅ እንደሆነ አላውቅም። ባሻይ ሲነግረኝ ልቀየመው ብዬ ሳቄ ቀደመኝ።

እኔ መንገድ ዳር ቆሜ ነፍሴ ልትወጣ ደርሳ ሳለ ነው ጤፍ የጫነ አይሱዙ ከወደ ምዕራብ ብቅ ያለው። ናፍጣ ትንሽ ትንሽ ይገኝ ነበርና። ጤፉ ላይ ቮልስ በገመድ ታስራለች። ቮልሷ ውስጥ መምህር ኪሮስ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ከፊት ጋቢና ውስጥ ባሻይ ከቀሺ ጎን ሆኖ እጁን ያወዛውዛል።

«ምን አሉ?» ብዬ ጮህኩ።

«መርከቡ ሳይቆም አልናገርም!» አለኝ ከላይ። አይሱዙው ቆመ። ወረደ። ልብሱን አራገፈ። ከዚያ አቅፎኝ «ሰጡህ፤ እኔን ግን መያዣ አደረጉኝ» አለኝ።

ዋስነቱ ቀልድ መስሎኝ ነበር። አግብተን፣ ሥራ አግኝቼ አዳማ ከገባን በኋላ በየዓመቱ አሸንዳ ሲቃረብ ስልኬ ይጮኻል። «ዋስ ነኝ፤ ልታሳስረኝ ነው?» ሰላምታም የለው። ልጆቹ ትንንሽ ናቸው፣ ዘንድሮ ይቅርብን ባልኩት ዓመት አዳመጠኝና «እንግዲያው ቮልሷን ላስነሳ» አለ። ኋላ ባሻይ ሲነግረኝ እውነትም ጎማ እያስሞላ ነበር። በነጋታው ትኬት ቆረጥን። ጉዞው ሲሰለቸኝ ረግሜዋለሁ፤ ብርኽቲ አባቷን አቅፋ ሳይ ደግሞ መርቄዋለሁ። አሁን ሳስበው ትዳር የሚያስታርቅ ሽማግሌ ብዙ አለ፤ ትዳሬን በየዓመቱ እየደወለ የጠበቀልኝ ግን እሱ ብቻ ነው።

ለቅሶው ሓድነት፣ እህቱ ቤት ነበር። ድንኳኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተማሪዎቹ ናቸው። አቦይ ገብሩ ከዓብይ ዓዲ መጥተው ከባሻይ አጠገብ በምርኩዛቸው ላይ አጎንብሰው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደርቋል። ጉልበታቸውን ስሜ ስቀመጥ ቀና አሉ።

«ዋሴ ሞተብኝ» አሉ።

«እኔ አለሁ፣ አቦይ። በየዓመቱ አመጣታለሁ።»

«ባለዕዳ ለራሱ ዋስ ይሆናል?» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። ባሻይ እኔ ልሁን ቢል «አንተማ ከኔ በፊት ትሄዳለህ» አሉት። በሌላ ጊዜ ቢሆን እንስቅ ነበር። ሽማግሌው እየቀለዱ እንዳልሆነ ሁላችንም ገባን። ያ የመንገዱ ፍርሃት እንደገና ይዟቸዋል።

ብርኽቲ ከሴቶቹ መሀል ተነሳች። መጥታ አባቷ ፊት ተንበረከከች።

«አቦይ፣ ያኔ ስለ እኔ እዚያ ቤት ስትነጋገሩ ከጓዳ ሆኜ እሰማ ነበር። ማን ይወስዳታል፣ ማን ያመጣታል፣ በምን ትጫናለች ስትባባሉ። እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም። እግር እኮ አለኝ። መንገዱ ክፍት ቢሆንም፣ ቢዘጋም፣ ወደ እርስዎ የምመጣው እኔ ነኝ። ዋስዎ እኔ ነኝ።»

አቦይ ገብሩ ቀና ብለው ልጃቸውን አዩዋት። ከዚያ ምርኩዛቸውን ለባሻይ አስይዘው፣ ዋስ እንደሚቀበል ሰው ቀኝ እጃቸውን ዘረጉላት፤ ጨበጠቻቸው።

«ተቀብያለሁ» አሉ። ለመምህር ኪሮስ ያለቀሱት ያን ጊዜ ነው።